የለቀማ ሒሳብ

ቸርችል ቁልቁለቱ ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ አጥር ተጠግታ፣
ዘነቡ ለውዝ ትለቅማለች፣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ።
ቀዩን፣ ድፍኑን ለደንበኛ፤
የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ አመድ የነካ የሚመስለውን
በስተግራ፣ ወደ ቆርቆሮዋ።
«ይኸስ?» ብላት፣ «ይኸማ ምሳዬ ነዋ!
የሰው ብር ተቀብዬ የተበላሸ አልሸጥም።
እግዜር ያበቀለው ደግሞ አይጣልም።»

እኔ ማዶ ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው የማይገለጥ ክፍል፤
እንጀራዬ መርዝ መቁጠር ነው፣ ከቢሊዮን ስንት እጅ እያልኩ።
አንድ ማክሰኞ ከቆርቆሮዋ እፍኝ ለምኜ
ከወይንጠጁ መብራት ስር ዘራሁት።
አበራ።
ይቅር ይበለኝ፣ አማረኝም!
እዚህ ሰማያዊ፣ እዚያ አረንጓዴ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣
ደመና እንደሌለው ሌሊት።

ስሙ «አፍላ» ብሎ ይጀምራል፣ «ቶክሲን» ኋላ ይከተላል፤
አፍላውን ዕድሜ በጉበት በኩል፣ ሳይቸኩል ይበላል።
አይመርም፣ አይሸትም፤
ቢቆሉት፣ ቢቀቅሉት አይሞትም።

እህል በረንዳ ብጠይቅ፣ ይኸ ለውዝ መንገደኛ ነበር አሉኝ።
ጅቡቲን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው አገር ሚዛን ተፈትሾ፣
«አይበላም» ተብሎ ተመለሰ።
ላኪው ዕዳው ላይ ቁጭ አለ፤ ባንኩ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ።
ባቢሌ ያለው ገበሬ ዋጋው በግማሽ ወረደበት፤
ለምን እንደሆነ የነገረው የለም።
ጆንያው ግን «ርካሽ» የሚል ስም አወጣና
ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
የዘነቡ ጭን ላይ አረፈ።

ዛሬ ልነግራት ወረድኩ።
ሻጋታ አልኳት። ጉበት አልኳት። ያየሁትን ብርሃን አልኳት።
ሰማችኝ፤ ጣቶቿ ግን ሥራ አልፈቱም።
«እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው» አለች፣
«ከኪሎው ሩቡን ብጥል፣ ትርፌም ያው ሩቡ ነው።
ካልጣልኩት ምሳ ነው።
ያንተ በሽታ በስንት ዓመቱ ነው የሚመጣው?»

በቢሊዮን የምቆጥር ሰው
አንድ ቁጥር አጣሁ።

ከጀርባችን ሆዱ የተነፋ ሰውዬ
በሁለት ወንድሞቹ ተደግፎ በሩን አለፈ፤
ዘበኛው ካርዱን አየ፣ ምን እንደበላ አልጠየቀም።

ቆርቆሮውን ገዛኋት፣ በቀዩ ዋጋ፣ ሳልከራከር።
ብሩን ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተች፤
«ነገስ?» አለችኝ፣
ለምሳዋ ሌላ ዕቃ እየፈለገች።