የምንጩ ሒሳብ

ገጣሚ አይደለሁም፤ ሒሳብ ያዥ ነኝ፣
ቁጥር ነው ከእንቅልፌ ቀስቅሶ የሚያስነሣኝ።
ርሆቮት፣ ቂርያት ሞሼ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
የወሩን ገቢ ከወጪው ሳስተያይ
መዝገቡ እንዲህ ይላል፦

ለሰርቨር ኪራይ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሼቄል።
ለመሞከሪያ፣ ሦስት አሮጌ ስልክ፤ የአንዱ ባትሪ አብጧል።
ለባንክ፣ ሠላሳ አንድ።
ለይርጋ፣
እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ይቆማል።

ስሙ ይርጋ ነው፤ እሱ ግን መቼ ረጋ?
ቀን የሆስፒታል ሊፍት ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ ሲዘጋ፣
ሌት የስልካችንን ሆድ ከፍቶ ቀዳዳ ሲደፍን እስኪነጋ።
ሰባት ዓመት።
ዐይኑ ሥር የተኛው ጥላ የማን ዕዳ ነው?
የትኛው ዓምድ ላይ ልጻፈው?

«ክፍት ምንጭ» ብለን ስም አወጣንለት፣
ጠጪው በዛ እንጂ ጠራጊው ጠፋበት።
አርባ ሺህ ስልክ ከኛ ይቀዳል፤
ሲደፈርስበት ግን ሁሉም ይርጋን ይረግማል።

አባቴ ሲያወራ፣ አርማጭሆ ሳሉ
መስከረም ሲጠባ ምንጭ ሊጠርጉ ይወጡ ነበር አሉ።
የቀረ ሰው ውሃ አይከለከልም፤
ይቀዳል፣ ይጠጣል፣
ቀና ብሎ ግን ሰው አያይም።
ቅጣቱ ይኸው ነበር።
ስልክ የያዘ ሰው ግን ቀድሞም አቀርቅሯል፤ በምን ይፈር?

ረቡዕ ከሄርዝሊያ ሁለት ሰዎች መጡ፣
ሚክላታችን ወርደው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ።
«በዓመት አራት መቶ ሺህ ሼቄል» አሉ፤
«ምንም አንነካም።
ስልኩ ሲነቃ ብቻ፣ ባለቤቱ የት እንደዋለ፣ የት እንዳደረ
በጆሯችን ሹክ ይበለን፤ ሌላ አንጠይቅም።»

ዝም አልን። ከመብራቱ እዝዝታ በቀር፣ ዝም።
አራት መቶ ሺህን ለአሥራ ሁለት ወር በልቤ አካፈልኩ፤
አልዋሽም፣
ይርጋ የሚለው መስመር ላይ ጻፍኩት፤ ደግሞ ሰረዝኩ።
ጌናዲ ጠረጴዛውን መታ፦
«ልጆቼ ኮድ አይበሉም!»
እውነቱን ነው። ማንም አልመለሰለትም።
ከራሃት የመጣው ዐውዳ
ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ግድግዳ ግድግዳውን አየ።

ያን ጊዜ ጋሽ ስንሻው፣
ከጡረተኞቹ ጋር ዳማ ሊጫወት ቀድሞን የገባው፣
ስልኩን ፋብሪካው «ሞቷል» ብሎ ከስድስት ዓመት በፊት የቀበረው፣
እስከ ዛሬ በይርጋ እጅ የሚያስተነፍሰው፣
ጉሮሮውን ጠረገ፦

«እድራችን ስንት ሰው ነው?»
«ሁለት መቶ ስልሳ» አልኩ።
«በየወሩ ለሞታችን እንከፍላለን፤ አንድ ወር አላጓደልንም።
ይኼ ልጅ ግን ገና አልሞተም።
ሳይሞት ብንከፍልለት
ሕጉ ምን ይለናል?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ።
ለእምቢታ ዘጠኝ እጅ፣ ለእሺታ አራት እጅ ወጣ።
ጌናዲ ቅጂውን ይዞ ሄደ፤
ይፈቀድለታል፣ ምንጩ ክፍት ነው።
ወንበሩን አጥፎ «ደህና እደሩ» አለን።
ቂም አልያዝንበትም።
እኔ ትንሽ ይዣለሁ።

የዚህ ወር መዝገብ፦
ስልሳ አራት ሰው፣ አሥር አሥር ሼቄል፣ በባንክ ቋሚ ትእዛዝ።
ለይርጋ፣ ስድስት መቶ አርባ።
ሊፍት ጠጋኝ በአንድ ቀን ተኩል የሚያገኘው።
ትንሽ ነው፤
መስመሩ ግን ባዶ አይደለም።

ሐሙስ ሌሊት አዲስ ቀዳዳ ተገኘና ደወልኩ።
ሚስቱ ትርንጎ አነሣች፤
«ተኝቷል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
የሚያምናት ሰው እንደሌለ ሁሉ ደግማ «ተኝቷል።»
«እስኪነጋ ይቆይ» አልኩ።

ቀዳዳው እንደተከፈተ አደረ።
ከተማዋ፣ ስሟ ሰፊ ስፍራ ማለት ነው ይላሉ፣
እሷም አደረች።
የሰርቨሩ ኪራይ እስከ ሐኑካ ተከፍሏል፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ገጽ
በእርሳስ ነው ያሰመርኩት።