ምቱን የሚበላ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ብሩክስ፣ አልበርታ፣
ንፋሱ የመኪናዬን በር ሊገነጥል ሲንገላታ፣
ፈቃዴን በቦርሳ፣ ገንዘቤን በፖስታ
ይዤ ገባሁ ከፍሪሰን ሱቅ።

«ለምንድን ነው?» አለኝ፤ «ለዳክዬ ወይስ ለዝይ?»
«ለሸክላ ነው» አልኩት፤ «ደም በቃኝ፣ ሌት ከቀን ሳይ።»
ሳቀ። የሥጋ ፋብሪካውን ማን የማያውቅ አለ፤
ግማሹ ከተማ እዚያው ቆርጦ ዋለ፣
ግማሹ እዚያው አጥቦ አደረ።

«ለአንድ ሸክላ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚፈቀድ፤
አውቶማቲክ ምን ሊረባሽ? ምን ያስቸኩላል መንገድ?»
«ለጥድፊያ አይደለም፤ ምቱን ስለሚበላ ነው» አልኩት፤
ዶክተር ሁለቴ የከፈተውን ቀኝ ትከሻዬን አሳየሁት።
አሥራ አንድ ዓመት በሌሊት ፈረቃ፣ በፍል ውሃ ቱቦ
የነገር ሁሉ ክብደት እዚያ ላይ ተሰብስቦ።
ስለዚህ ግራኝ ሆንኩ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ።
ደግነቱ ከቀኙ ግራው ዓይኔ ይሻላል፤
ለካ ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ሦስት አጋደመልኝ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ።

አንደኛው ቀላል ነው፣ ጥቁር፣ እንደ ቁራ፤
«በገዛ ምቱ ግፊት ነው» አለ፣ «የሚሠራ፤
ጽዳት አይጠይቅም፣ አቧራ አይፈራ።»
«ምቱስ?» ስለው ጊዜ ጢሙን ዳበሰ፤
«ሃያ አምስቱን ተኩሰሽ ማታ ቤት ስትገቢ
ትከሻሽ ያወራል።»
የእኔማ ሳይተኮስም እያወራ ነው የሚያነጋ።

ሁለተኛው ውብ ነው። የዋልነት ሰደፉ እንደ ማር ይፈሳል፤
ለግራኝ የተሠራ፤ ቀለሁ በግራ ይረግፋል።
ከምላጩ ቀለበት የተንጠለጠለችውን የዋጋ ወረቀት አየኋት፣
እንደተኛ ሕፃን፣ ቀስ ብዬ፣ መልሼ አስተኛኋት።

ሦስተኛው አሮጌ። የሮዝመሪው ሃውገን
ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው አምጥቶ የሸጠው።
ከባድ ነው። አንስቼው ሳበቃ አልወረድ አለኝ፤
ክብደት የሚያውቅ እጅ ክብደት አያስፈራው።
ሰደፉ በግራ ጎኑ በጉንጩ ወዝ ጠቁሯል፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ተደግፎ አልሟል።

«ጋዝ ነው፤ ምቱን ይበላል፤ ግን ጥላሸት ይተፋል፤
በየሳምንቱ ካላጠብሽው ያኮርፋል።»
ያን ጊዜ ነው እኔም የሳቅኩት።
እኔን ነው በጽዳት የሚያስፈራሩት?
የአጥንት መጋዝ ጥርስ በጥርስ ያጠብኩ፣
ስብ ከብሎን ስር በጥፍሬ የለቀምኩ!

«የቀኝ ነው ግን» አለ፤ «ቀለሁ በዓይንሽ ፊት ያልፋል።»
ግራ ገባኝ። ግራኝን ግራ ሲገባው ማን ያውቅለታል?

እሁድ፣ ሜዳው ድረስ ራሱ አመጣው፤
«ሞክሪው» አለ፣ «ከዚያ እንነጋገራለን።»
ዶሪን፣ የሰማንያ ዓመት ሴት፣ ጉዳዬን ሰምታ
ከኮቷ ኪስ የብሮኮሊ ላስቲክ አወጣች፣
ቀለህ መውጫው ላይ ሁለቴ ጠመጠመች፤
«ይይዘዋል» አለች።
ቆየት ብላ፦ «አንዳንዴ።»

ሸክላውን ሲጠሩ «ፑል» ነው እዚህ ደንቡ፤
ማሽኑ ግን ድምፅ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም ቀለቡ።
«በል!» አልኩት። በረረ። ሳትኩት።
«በል!» ንፋሱ ከፍ አደረገው፤ ከስሩ ተኮስኩት።
«በል!» — ብርቱካናማ ብናኝ ሆኖ ሰማይ ላይ ቀረ።
የፎከረ የለ። ግዳይ የለ፣ ላባ የለ፣ ደም የለ፤
ውጤት ያዡ ልጅ «አንድ» ብሎ ጻፈ፣
ቀጣዩ ሰው ተራውን ቀጠለ።

ከሃያ አምስት አሥራ አንድ። ሁለት ቀለህ መነጽሬን ገረፈኝ፤
ዶሪን «ላስቲኩ አርጅቶ ነው» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

አሁን ማታ ነው። ጋዜጣ ላይ ተፈታትቶ ተዘርግቷል፤
ጣቶቼ ጥላሸት ናቸው። ትከሻዬ ዝም ብሏል።
ሰደፉን ገለበጥኩት። ግራው የሃውገን ነው።
ቀኙ ገና እንጨት ነው፤
ማንም አልተደገፈው፣ ማንም አላለመበት።
ጉንጬን አሳረፍኩበት።
ቀዝቃዛ ነው።