አማካይ

ሊማ ላይ ዝናብ የለም፤ ጉም ብቻ ነው ያለው፣
ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ላብ መስሎ የሚንጠለጠለው።
ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሰማዩ አመድማ መጋረጃ፤
እኔም ከታች መጣሁ፣ አንገቴ ላይ ባጅ፣ በእጄ ቅጽ፣ ልሰበስብ መረጃ።

ኮረብታው ሁለት ፊት አለው፣ አናቱ ላይ ግንብ፣
በግንቡ ላይ እሾህ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ እርግብ።
ከወዲህ ጣውላና ድንጋይ፣ ሰማያዊ በርሜል፣ ደረጃው አሮጌ ጎማ፤
ከወዲያ ሳር ውሃ ሲጠጣ፣ ድምፁ ብቻ የሚሰማ።

አርባ ሰባተኛው ቤት። ዶምቲላ ቾኬ ትባላለች።
ትርፍ ወንበር የላትም፤ ጄሪካን ገልብጣ «ተቀመጥ» አለች።
«በቀን ስንት ሊትር ነው ቤትዎ የሚጠቀም?»
ሳቀች። «ልጄ፣ ሊትር ከዚህ ሰፈር ሰው ጋር አይተዋወቅም።
እኛ በባልዲ ነው፤ አንዱ ለድስት፣ አንዱ ለገላ፣
የገላው ለልብስ፣ የልብሱ ለወለል፣
ከወለል የተረፈው ለዚያች ለአንድ እግር ዱባ፣ ከቤቱ ኋላ።»

«ዋጋውስ?» ስላት በሩን አሳየችኝ፤ በከሰል ተሰምሯል፣
ቦቴው የመጣ ቀን ሰረዝ፣ የቀረ ቀን ክብ፤
«ከግንቡ ማዶ ልብስ አጥባለሁ፣ ማክሰኞና ዓርብ።
የውሃቸውን ቢል አየሁት፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ፤
የወር ሙሉው፣ ገንዳው ተሞልቶ፣ ሳሩ ጠጥቶ፣ ውሻው ታጥቦ፣ ተርፎ፣
ከእኔ ስድስት በርሜል ዋጋ ያንሳል። ደግሜ ቆጠርሁ፤ አልተሳሳትሁም።
ውሃ ሽቅብ አይፈስም ይላሉ፤ ዋጋው ግን ሽቅብ ሲወጣ አይደክምም።
ለእኛም ውሃ ዋና ነው፤
ለእነሱም ውሃ ዋና ነው፤
ቃሉ የጋራችን ነው፣ ገንዳው ግን የማን ነው?»

ቅጼ ላይ አንድ ሳጥን አለ፣ «የወረዳው አማካይ» ይላል፤
የእሷን ሁለት ባልዲ ከገንዳው ጋር ደምሮ ለሁለት ይከፍላል።
ይኸው በወረቀቱ፣ ዶምቲላ በየማለዳው ትዋኛለች፣
ሳር ታጠጣለች፣ ውሻ በሻምፖ ታጥባለች።
ሳነብላት አልተቆጣችም። «እንግዲያ ከዚህ ቁጥርህ
ለልጅ ልጄ ለኒልዳ አንድ ባልዲ ቅዳላት፣
ዛሬ ፀጉሯን ሳላጥብ ነው ትምህርት ቤት የላክኋት።»

እስክርቢቶዬ ቆመ።
ውሸት አልጻፍሁም በዕድሜዬ። ግን ቁጥሩን ብቻ አካፍዬ፣
ስንቱን ደጅ ለቅቄ ወርጃለሁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ሠላሳ አንድ ሰው በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ፣ ተሸክሞ እንደ አልጋ፣
ወረደ። በውሃ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ግራና ቀኝ ደረደሩ፤
ቤታቸው ክፍቱን ነው፣ ውሾቹ ናቸው የቀሩ።
ጸሐፊው መነጽሩን አነሣ፤ «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ።
«ደረሰኝ ነው» አለች ዶምቲላ፣ «አርባ ወር የተከፈለ።»
እኔም ከጎኗ ቆሜ፣ ባጄን ኪሴ ከትቼ፣ ቁጥሩን አነበብሁ፤ አልደመርሁም፣
የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች፣ እንዳለ፤ አላካፈልሁም።

ቧንቧው መጣ። ዘግይቶ መጣ።
እስከ ኮረብታው እኩሌታ።
እኩል የምንለው ነገር ለጊዜው እዚያ ድረስ ነው።
የዶምቲላ ቤት ከዚያ በላይ ነው፤ ማታ ማታ
ከታች ጎረቤቷ ኸርትሩዲስ ረጅም ጎማ ትስብላታለች፣
ኒልዳ ዓይኗን ጨፍና፣ አረፋ አፏ ገብቶ፣ ትስቃለች።
በሩ ተመልሶ ተሰቅሏል፤ ትንሽ ዘሟል፣ ሲዘጋ ይጮኻል።
ሰረዞቹን ለምን አላጠፋሽም? ብላት፣
እጇን በቀሚሷ ጠረገች።
«ከሰሉ መቼ አለቀና» አለች።