ምላስህን አንሳ

በሊማ ዳር ኮረብታ፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ ጫፉ ጉም ውስጥ የሚገባ፤
ማለዳ ማለዳ እወጣዋለሁ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ፣
ካንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ራሴን እየለመንኩ።
በኪሴ አራት ኪኒን፣ በኮዳ የፈላ ውሃ፣
በእጄ የኤሌውቴሪዮ ካርድ፤ የባዶ ሳጥን በረሃ።

ወያላ ነበር እሱ። ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ
ባንድ ትንፋሽ አሥር ፌርማታ ይጠራ ነበር፣ አንዱን ካንዱ አስከትሎ፤
ያ ትንፋሽ ነው ዛሬ ደም የነካው ሳል ሆኖ
ከበሩ ኋላ የሚጠብቀኝ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ።

«አፍህን ክፈት።» ይከፍታል።
«ዋጥ።» ይውጣል።
«ምላስህን አንሳ።»
የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣
የሦስት ጎዳና ጌታ፣ በጎረቤቱ ፊት ምላሱን ያነሳል፤
ዓይኑ ግን ግድግዳው ላይ ይቀራል።
እኔም ካርዱ ላይ አንድ ጭረት፤ ለዛሬ ይበቃናል።

በሁለተኛው ወር ሳሉ ተወው፤ እሱም ኪኒኑን ተወው።
«ዳንኩ» አለ፤ የተሻለው ሰው የዳነ ነው የሚመስለው።
አራት ቀን በሩ ዝግ። በአምስተኛው ከፌርማታው አገኘሁት።
«ሽንቴ ቀይ ነው» አለኝ፣ «ሆዴ ይቃጠላል፤ ምንም ሳልቀምስ ነው የዋጥሁት።
ደግሞስ ጠዋት አንቺን ስጠብቅ ለሚያመልጠኝ ጉዞ
ማን ይመጣል ለልጄ ዳቦ ይዞ?»

ስለ ቅርጫቱ ነገርኩት።
አንድ ሳጥን ላልዘለለ፣ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣
ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሁለት ጣሳ ዓሣ፣
እኔው አመጣለታለሁ፣ ከመጋዘኑ ሰልፍ ቆሜ።

ከቢሮ የመጣ አንድ ሰው «በሩዝ ገዛችኋቸው» አለ፣ እየሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም። በባዶ ሆድ ያ ኪኒን እሳት ነው፤ እሱ መች ዋጠና አወቀ?
የተገዛስ እንደሆነ? በዘይት የተገዛ ሳንባ
ይተነፍሳል፤ ያልተገዛው ነው መቃብር የሚገባ።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኖቹ ሞሉ። አንዳንዴ ተኮራርፈን፣
አንዳንዴ ስለ ኳስ ተጨቃጭቀን፣ ጉሙን ክረምት አሳለፍን።
ልጁ ይሴላ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ቅዳሜ እስከ መሐሉ ወርዳ
የዘይቱን ጠርሙስ ታቅፍ ነበር፣ እንደ ዛሬ የተወለደ እንግዳ።

በስድስተኛው ወር አክታው ንጹሕ ሆነ። የመጨረሻዋን ጭረት
እሱው ራሱ ጻፋት፣ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጥቆ፣ በጉልበት።
ከደረጃው አናት «ግቡ! ግቡ!» ሲል መንደሩ ሁሉ ሰማ፤
ይሴላ ግን ቀሚሴን ያዘች፤ አንሾካሾከች፣ እሱ እንዳይሰማ፤

«ኦብዱሊያ፣» አለችኝ፣
«አባዬን ደግሞ መቼ ነው የሚያመው?»

ራሷን ዳበስኩና ቁልቁል ጀመርኩ።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ። መንገድ ላይ አንድ ሰው አስቁሞ
«ምላስሽን አንሺ» ቢለኝ ኖሮ
ያገኘው ነበር ከሥሩ፣
ያልዋጥኩትን መልስ፣
እየመረረ፣ ገና ሳይሟሟ።