ቆሽት ማለት

ሆጤ ከቁልቁለቱ፣ በየሻረግ ጓዳ፣
ግድግዳው ጋዜጣ፣ በላዩ ሰሌዳ፤
ሰሌዳው ካርቶን ነው፣ የፓስታ ካርቶን፣
ጽፌ የለጠፍኩበት የሩቅ አገር ስሙን።
ከፊሉ ግሪክ ነው፣ ከፊሉ ላቲን ነው፣
እኔ ግን ከጦሳ ጉም ሥር ነው የማጠናው።

ቃል ይቆረጣል አሉን፤ ሥርና ቅጥያ፣
እንደ ሰኞ ገበያ ሥጋ፣ በአጥንት መለያያ።
ሃይፐር ማለት ከላይ፤ እሷ ደሴ ናት በቃ፤
ሃይፖ ማለት ከታች፤ ሐረጎን ዘልቃ፣
ጆሮ ጓ እስኪል ድረስ ወርዳ የተኛች፣
ኮምቦልቻ፣ በሙቀት የተዘረጋች።
ታኪ ፈጣን፤ ባጃጅ፣ ከአራዳ ቁልቁል የለቀቀ፤
ብራዲ ዝግተኛ፤ ሲሚንቶ ጭኖ የደቀቀ፣
ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ፤
ዲስፕኒያም እሱው ነው፣ ትንፋሽ ማጠር መዘዙ።

አይተስ ከኋላ ከመጣ፣ "መቆጣት" ነው ፍቺው፤
ቶንሲል ይቆጣል፣ ጨጓራ ይቆጣል፣ ጉበትም ሲያሰኘው።
እትዬ የሻረግ በአራት ሰዓት "መብራት አጥፊ!" ሲሉ፣
"ቆጣሪው ይበላል! ብር ነው እኮ ሁሉ!"
"ቆጣሪያይተስ" ብዬ ጻፍኩ በጨለማ፣
ትራሴን ነክሼ ሳቅኩ፣ እንዳይሰማ።

ከዚያ ዋርድ ገባን።
ጋወኑ የተውሶ፣ እጅጌው ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣
ኪሴ ውስጥ ደብተር፣ በቃላት ያበጠ፣ ጠርዙ የረገፈ።
አልጋ ቁጥር ዐሥራ ሁለት፣
እማማ ዘይነባ፣ ከተሁለደሬ የመጡት።
"የት ላይ ነው የሚያምዎት?" አልኳቸው።
ቀስ ብለው ዞሩ፤ ይህ ነበር መልሳቸው፦

"ቆሽቴ አሮ አልቋል፣ ሐሞቴም ፈሷል፣
ወሽመጤ ከተቆረጠ ሦስት ወር አልፏል፤
አንጀቴ ብቻ ናት ገና ያልተበጠሰች፣
ያሲኔን የባቲ መንገድ ስትውጠው ያየች።"

እኔም ጻፍኩ፣ የተማርኩት እንዳይባክን፦
ፓንክሪያታይተስ። ኮሌሲስታይተስ። ወሽመጥን
ግን ከየት ላምጣው? ደብተሩን ባገላብጥ፣
በግሪክም የለ፣ በላቲንም የለ፣ ወሽመጥ።

ሲስተር አረጋሽ ካርዱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣
መጀመሪያ ሳቁ።
ከዚያ አልሳቁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣
"ልጅዎ መጨረሻ የደወለው መቼ ነበር?" አሉ፣ በቀሰስታ።
መልሱን እኔ አልሰማሁትም።
የሰማሁት የደም ግፊቱን ነው፦ መቶ ሰባ በመቶ ዐሥር።
ሃይፐር።
ደሴ። ከደሴም በላይ፣ የጦሳ ጫፍ።

የክንዳቸውን ጨርቅ ስፈታ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ያዙኝ፣ በዚያ በሻከረ መዳፍ፣
"አብሽሪ ልጄ፣" አሉኝ።
በሽተኛዋ፣ ለእኔ።
ማታ ካርቶኑ ላይ ለብቻው ጻፍኩት፤ ቢቆረጥ አይቆረጥ፣
ሥር የለው፣ ቅጥያ የለው።

ዓርብ ፈተና ሆነ። ጥያቄ ሰባት፦ "ፓንክሪያስን ተርጉሙ።"
"ቆሽት" አልኩ፤ በዚህም አላበቃሁ፣ ቀለሙ
እየፈሰሰ ቀጠልኩ፦ "ከጨጓራ ጀርባ ያለ፣
ኢንሱሊን የሚያመነጭ፣ ምግብ መፍጨት ያልተሳለ፤
ልጅ ሲጠፋ የሚያርር።"

ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ እስክሪብቶ ዞሮበታል፣
የመጨረሻዋን መስመር ከቧታል፦
"ይህ ከየትኛው መጽሐፍ ነው? ማስረጃሽ የታለ?"

ከሥሩ መለስኩ፦
አልጋ ቁጥር ዐሥራ ሁለት።
ትናንት ወጥተዋል። ማንበብ ስለማይችሉ
በኪኒኑ ፖስታ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ስዬላቸዋለሁ፤
በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውታል።