የአባቴ ፈረቃ

ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣ ረሆቦት ተኝታ፣
አዛናው ተነሣ፣ ከአልጋው ላይ፣ በፀጥታ።
ጫማውን አጠለቀ፣ የቀኙን ለግራ ሰጥቶ፤
"ረፈደብኝ" አለኝ፣ ፊቴን አይቶ አይቶ።
ጡረታ ከወጣ ስድስት ክረምት አልፏል፤
እጁ ግን አልሰማም፣ መጥረጊያ ይፈልጋል።
ስሜን አልጠራውም። "አዲሷ ነሽ?" አለኝ፤
"ማፈሻውን ይዘሽ ከኋላ ተከተይኝ።"

ከቂርያት ሞሼ ወጣን፤ ድመት ብቻ ነቅቷል።
የቆሻሻ መኪና በአጠገባችን ያልፋል።
ሾፌሩ ክላክስ ነካ፤ አባቴ እጁን አነሣው፤
"ሻሎም፣ ፒንሃስ!" አለ። የሱን ስም አልረሳው።

ቀን ቀን የኔ ሥራ ጨለማ ክፍል ነው፤
የአይጥ አንጎል ስስ ልጣጭ መስታወት ላይ የማየው።
አረንጓዴ ቀለም ሲነካው ይበራል፣
ከአውሮፕላን ሲያዩት ከተማ ይመስላል።
እዚያም ጠራጊ አለ፤
ቀጫጭን እጆቹን በየደጁ የጣለ፤
ተጣሞ የወደቀ ፕሮቲን ሲዳብስ
አንሥቶ የሚውጥ፣ በሆዱ ከረጢት እስኪበሰብስ።
ከረጢቱ ሆምጣጤ ነው፤ የገባበት ይሟሟል።
ሐሳብ ሲነጋ መጥቶ በጸዳው ላይ ያልፋል፤
መንገዱን ማን ጠረገው ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ የታል?

ሰው ሲተኛ ይበረታል አሉ ይህ ጽዳት።
አባቴ ለከተማው ሲል ሃያ ስምንት ዓመት ሌሊት
ዓይኑን ሳይከድን ነቃ፤
የራሱን ደጅ ማን ጠረገው? ማን ገባለት በፈረቃ?

ታዲያ አንድ ቀን ሆምጣጤው ይለዝባል።
ህዋሱ ይውጣል እንጂ መፍጨቱን ይተዋል፤
ከረጢት በከረጢት፣ ሆዱ ይቆዘራል፤
ደጅ የቀረው ክምር ይረጋል፣ ይጠጥራል።
ጠራጊው ይከበዋል፣ ዙሪያውን ይቆማል፤
ለግሞ እንዳይመስላችሁ፤
እጁ ዝሏል።

ኤልካና፣ አለቃዬ፣ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፦
"የጽዳት ጉድለት።" ሁለት ቃል፤ ከሥሩ አሰመረው።
ሌሎቹ ገለበጡት፤ የኔ ብዕር ቆመ።
ያኔ በክፍላችን "ያንቺስ አባት ሥራው?" ሲሉኝ በየተራ
"ማዘጋጃ ቤት" ብዬ ነበር አፌ የታተመ፣
መጥረጊያውን ሳልጠራ።

አሁን ከፊቴ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ያያል።
የፊከሱ ፍሬ አስፋልቱ ላይ ፈርጧል፣
እንደ ሙጫ ተጣብቋል።
በጥፍሩ ሞከረው፤ በጫማው ጫፍ ፋቀው።
"ይኸ የትናንት ነው፤ ውሃም አያስለቅቀው።
ሌሊቱን መምጣት ነው፣ ገና እርጥብ እንዳለ።"
ስንት ወረቀት ጽፈን፣ ስንት አይጥ አልቆብን የደረስንበትን
ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ቆሞ፣ እንደ ዋዛ አለ።

ማፈሻውን ያዝኩለት። ቀና ብሎ አየኝ፤
"አባትሽስ ምን ይሠራል?" ብሎ ጠየቀኝ።
"መንገድ ጠራጊ ነው" አልኩት፤
ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ፣ ለራሱ ነገርኩት።
"የቱን?" አለ፣ እንደ ባልደረባ።
"የያዕቆብን ጎዳና።"
ራሱን ነቀነቀ፤ አሰበ፣ ቆየና፦
"እዚያ ፊከስ ይበዛል። ንገሪው፣
ሳይደርቅ ነው።"