ያልበሰለው ንፍሮ

ብልኮ ሰፈር ነበር፣ የጋሽ ቸሬ ለቅሶ፤
ሰዉ ተቀምጦ ነበር ጥለቱን መልሶ።
ከንጋት ጀምሮ እሳት የላሰው፣
ቀትር ላይም ያው ነው፣ ጥርስ የሚያፈርሰው
የሽምብራው ንፍሮ።
«ሟች ሲቀየም» አሉ አንዲት አሮጊት፣
«እህል እሺ አይልም፤ አይተናል ፊት።»

ትርንጎ ሰማች። የሟች ልጅ ናት።

ዘጠነኛ «ለ» ናት፤ ሳይንስ አስተምራታለሁ፤
ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ስትል አውቃታለሁ።
በአሥረኛው ቀን መጣች፣ ጥቁር ሻሿን ደፍታ፣
ደብተሯን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አስተኝታ።
«ቲቸር፣ ሲጠራኝ ዝም አልኩት፣ የዚያን ዕለት ማታ።
አባቴ ተቀይሞኝ ነው የሞተው?»

ጠመኔው ጣቴ ላይ ደቀቀ።
ይኼ በምን ብልቃጥ ይሰፈራል?
በየትኛው ሰዓት ይቆጠራል?
«አዎ» ቢሆን ምን ይታያል? «አይ» ቢሆንስ ምን ይጎድላል?
«አዎ»ና «አይ» ባንድ መደብ ተቃቅፈው የሚያድሩበት ቤት
የእኔ ክፍል አይደለም። እኔ የማውቀው ትንሽ ነው።
«አነስ አድርገሽ ያዢው» አልኳት፣
«እጅሽ እስኪደርስበት አውርጂው።»

ሦስት ቀን ፈጀባት።
«ለምን አልበሰለም?» አለች። ሰፊ ነው፤ ዳባት ያዘልቃል።
«ውሃው መጥፎ ነው?» አለች። መጥፎን ማን መዝኖ ያውቃል?
በአራተኛው፣ በእርሳስ፣ ከሂሳብ ደብተር በተቀደደ ገጽ፦
«ሽምብራ በጉድጓድ ውሃ ሲቀቀል፣
በአንገረብ ቧንቧ ውሃ ከሚቀቀለው ዘግይቶ ይበስላል።»

ቧንቧው ያኔ ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።
ለቅሶው ላይ የተጠጣው፣ ንፍሮው የተጣደበትም፣
ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው
የእነ ደብሬ ጉድጓድ ውሃ ነበር።
ማንም ልብ አላለውም። እሷ ልብ አለችው።

መላምት ማለት ይኼ ነው፣ ልጄ፤
የሚወድቅበትን ጉድጓድ ራሱ ምሶ
ጠርዙ ላይ የሚቆም ቃል።

«አንዱን ብቻ ፍቺው» አልኳት፣ «ሌላውን እሰሪው በገመድ።»
መቶ ፍሬ እዚህ፣ መቶ ፍሬ እዚያ፤ ድስቱ መንታ፤
ከሰል ያዳላልና፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መብራት ባለበት ማታ።
ነፃው ተለዋዋጭ ውሃው፤ ጥገኛው፣ ሰዓቱ።
(«እኛ ቤት ነፃ የለም» አለች። ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።)
«በሰለ» ማለትስ ምንድን ነው? ፍሬው በሁለት ጣት ሲፈርስ።
ጣቱም የእንየው ይሁን፣ የታናሽ ወንድሟ፣
የትኛው ድስት የቱ እንደሆነ ያልተነገረው።

የጉድጓዱ ቀደመ።

አለቀሰች። «ተሸነፍኩ።» «ቃልሽ ነው የተሸነፈው፣
አንቺ አይደለሽም። ሽምብራውን ከየት አመጣሽው?»
ለጉድጓዱ፣ ከቅዳሜ ገበያ፣ ትናንት የተሰፈረ፤
ለቧንቧው፣ ከለቅሶው የተረፈ፣ ጎተራ የከረመ፣ የጠጠረ።
ሁለት ገመድ ፈትታ፣ አንድ የፈታች መስሏት ነበረ።

ቀላቀለችው። ዓይኗን ጨፍና ለሁለት ከፈለችው።
ሦስት ማታ። ሦስቴም የጉድጓዱ ዘገየ።
(የአሮጌው ሽምብራ ነገር፣ እሱ ሌላ ገጽ ነው።)

«ይኼ እኮ» አለች፣ «አባቴ አልተቀየመም አይልም።»
«አይልም።»
«ተቀይሟልም አይልም።»
«አይልም።»
ደብተሩን ዘጋችው፣ ቀስ ብላ፣
ውስጡ የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ።

በአርባው ዋዜማ ቧንቧው ሌሊት መጣ፤
ሦስት ቢጫ ጀሪካን ሞላች።
ጠዋት ንፍሮው ቅቤ ነበር።
«ታረቀ!» አሉ አሮጊቷ፣ እፍኝ ሙሉ ዘግነው።
ትርንጎ ወደ እኔ አየች፤
ከዚያ ወደ ሰዓቷ፤
ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች።